ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ሆድ ሲብስ፦ የጓሮ ጽዳት ለከፋው ልብ

መስከረም ሲጠባ የኛ ሰው ልብ አበባ ይጠብቃል። ክረምቱ ወጣ፣ ሰማዩ ጠራ፣ አደይ ፈነዳ፣ ደመራው ተደመረ ማለትን ከልጅነታችን ጀምሮ ለምደነዋል። እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ቀኑ ማጠር ይጀምራል፣ ብርዱ ይመጣል፣ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኖ ይረግፋል። አገር ቤት ዓመት የሚጀመርበት ጊዜ እዚህ ዓመት የሚያልቅበት ይመስላል። ብዙ ዓመት የኖርን ሰዎች እንኳ ጥቅምትና ኅዳር ሲመጣ ምክንያቱን በደንብ ሳናውቀው ሆዳችን ይብሳል። «ምን ሆነህ ነው?» ሲሉን «ምንም፣ ደክሞኝ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ምግብ ቤት ያለው ሰው ይህን ቶሎ ያያል። ሰመር ላይ እስኪዘጋ ድረስ ሲስቅና ሲጫወት የሚያመሽ ደንበኛ፣ ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰበት እሑድ በኋላ ብቻውን ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ያዘዘውን ግማሹን ይተወዋል። ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁት ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ሰምቶ ይሆናል፣ ወይ ከልጁ ጋር ተኮራርፎ፣ ወይ ወረቀቱ አልመጣ ብሎት። አንዳንዱ ደግሞ ምንም የለበትም፣ ዝም ብሎ ከፍቶታል።

ለዚህ መድኃኒት አገኘሁ ልላችሁ አይደለም። ግን በዚህ ወር ከቤታችሁ ጀርባ፣ በረንዳችሁ ላይ ወይም ከደጃችሁ ፊት የሚጠብቃችሁ አንድ ሥራ አለ። ብዙዎቻችን እንደ ጣጣ የምናየው ሥራ ነው፤ ቅጠል መጥረግ፣ የደረቀውን መንቀል፣ ጓሮውን ለክረምት ማዘጋጀት። ይህ ሥራ ለከፋው ልብ ምን እንደሚያደርግ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችንም ከ100 ዓመት በፊት ጀምሮ እንዴት እንደሠሩበት ላጫውታችሁ።

ብርሃኑ ሲጎድል

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። በዚህ ወቅት መከፋት ስንፍና አይደለም፣ የእምነት ማነስም አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ነው። በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ግን ጁን መጨረሻ ላይ ቀኑ 15 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ደግሞ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ከ5 ሰዓት በላይ ብርሃን ተወሰደብን ማለት ነው። ጠዋት በጨለማ ወጥቶ ማታ በጨለማ የሚገባ ሠራተኛ ፀሐይን የሚያያት በመስኮት ነው፣ ያውም መስኮት ካለው።

ይህን ችግር አጥንተው ስም ያወጡለት ሐኪም ራሳቸው ከአፍሪካ የመጡ ስደተኛ ናቸው። ዶክተር ኖርማን ሮዘንታል ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የመጡት በፈረንጆች 1970ዎቹ ነው። እዚህ ክረምት ሲገባ ጉልበታቸውና ስሜታቸው እንደሚወርድ፣ ጸደይ ሲመጣ እንደሚመለስ አስተዋሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ቤተዝዳ በሚገኘው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው በ1984 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ውጤቱን አሳተሙ። ወቅት እየጠበቀ የሚመጣው የድብርት ሕመም ስሙን ያገኘው በዚህ ጥናት ነው። ዋናው ሕክምናም ብርሃን ሆነ።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ጓሮ የሚጠቅመን በዚህ ነው፤ ወደ ውጭ ያስወጣናል። ደመና የሸፈነው ሰማይ እንኳ ከቤታችን አምፖል ብዙ እጥፍ ብርሃን ይሰጣል። ከምሳ በፊት 30 ደቂቃ ቅጠል የጠረገ ሰው ቢያንስ የዚያን ቀን የብርሃን ድርሻውን አልተነጠቀም።

ኅዳር ሲታጠን

አሁን ወደ አገራችን ልመልሳችሁ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ ነው። በአበባው ወቅት እመቤታችን ሕፃን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት ጊዜ ነው። በፈረንጅ ከኦክቶበር 6 እስከ ኖቬምበር 14 ገደማ መሆኑ ነው። ልብ በሉ፤ እዚህ ቅጠል በሚረግፍበት በዚያው 40 ቀን አገር ቤት አበባና ስደት አንድ ላይ ይታሰባሉ። ስደተኛ ሆኖ በዚህ ወቅት ሆድ የባሰው ሰው ብቻውን አይደለም።

ጽጌ ካለቀ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ኅዳር 12 ይመጣል፣ የኅዳር ሚካኤል። አዲስ አበባ ያደጋችሁ ያንን ጠዋት ታስታውሱታላችሁ። ሁሉም ሰው በየደጁ ይጠርጋል፣ የደረቀ ሣርና ቅጠል፣ ያረጀ ሰሌን፣ የተቀደደ ጆንያ ይሰበስባል፣ ከዚያ እሳት ይለኮሳል። ከተማው ሁሉ በጭስ ይሸፈናል። ልጆች በእሳቱ ዙሪያ ይሯሯጣሉ። «ኅዳር ሲታጠን» እንለዋለን። ብዙዎቻችን ምክንያቱን ሳንጠይቅ ነው ያደግነው።

ምክንያቱ ሐዘን ነበር። በ1911 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1918 መሆኑ ነው፣ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገባ። ሰው «የኅዳር በሽታ» አለው። በየቤቱ ሰው ወደቀ፣ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሞት በዛ። በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የሆኑት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ድነዋል። በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው እንደሞተ በግለ ታሪካቸው ጽፈዋል። ከተማዋ ያኔ ትንሽ ነበረች። ከዚያች ትንሽ ከተማ ይህን ያህል ሰው በጥቂት ሳምንት ሲወሰድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

በሽታው ከቆሻሻና ከተበላሸ አየር ይመጣል ተብሎ ስለታመነ ሰው ደጁን ጠረገ፣ ቆሻሻውን አቃጠለ። ዛሬ ኢንፍሉዌንዛ በቫይረስ እንደሚመጣና በጭስ እንደማይሞት እናውቃለን። ልማዱ ግን በሽታው ከጠፋ በኋላ አልጠፋም። ትውልድ ተቀይሮ፣ መንግሥት ተቀይሮ ከ100 ዓመት በላይ ቆየ። ለምን? በኔ ሐሳብ፣ ሰው መጥረጊያውን ያነሣው በሽታውን ለማባረር ብቻ ስላልነበረ ነው። ያን ሁሉ ቀብሮ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ስላልቻለ ነው። ሐዘን በእጅ የሚሠራ ነገር ይፈልጋል።

ሥራ ያጣ ሐዘን

አገር ቤት ለቅሶ ሲኖር ሥራ የሌለው ሰው የለም። አንዱ ድንኳን ይተክላል፣ አንዱ ወንበር ከእድር ያመጣል፣ አንዷ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ አንዷ እንጀራ ትጋግራለች። ጎረምሶቹ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ልጆች እንኳ ውኃ ያቀርባሉ። የሰባት ቀን ሐዘን የሰባት ቀን ሥራ ነው። ሰው እያለቀሰ ይሠራል፣ እየሠራ ያለቅሳል፤ በዚያ መካከል ልቡ ቀስ በቀስ ይረጋጋል።

እዚህስ? መርዶው በስልክ ይመጣል፣ ያውም ብዙ ጊዜ በሌሊት። ጠዋት 12 ሰዓት ፈረቃ አለ። ቀብሩ ከእኛ በፊት ያልቃል፣ ቪዲዮው በስልክ ይላካል። ያለንበት የወረቀት ጉዳይ ወይም የአገሩ ሁኔታ እንድንሄድ ላይፈቅድልን ይችላል። ዘመድ ወዳጅ ቅዳሜና እሑድ መጥቶ ያስተዛዝናል፣ እግዚአብሔር ይስጠው፤ ሰኞ ግን ሁሉም ወደ ሥራው ነው። ሐዘናችን ሥራ ፈትቶ ቤት ውስጥ ይቀራል። ሥራ የፈታ ሐዘን ደግሞ ወይ ወደ ቁጣ ይዞራል፣ ወይ ወደ መጠጥ፣ ወይ ወደ ዝምታ።

እናቴ ያረፈችው በወረርሽኙ ዓመት በጥቅምት ነው። መሄድ አልሆነልኝም። እዚህም ሰው ተሰብስቦ ለቅሶ መቀመጥ አይችልም ነበር። ደንበኞቼ ምግብ ሠርተው በሬ ላይ አስቀምጠው፣ መኪናቸው ውስጥ ሆነው እጃቸውን እያውለበለቡልኝ ይሄዱ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሰው የሚያበላ ሰው ያንን ምግብ ሲያነሣ ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም። በሦስተኛው ቀን ሬኩን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። በርክ ውስጥ ያለ ትልቅ የኦክ ዛፍ ቅጠል አያልቅም። ጠረግሁ፣ አለቀስሁ፣ እንደገና ጠረግሁ። ከአጥሩ ወዲያ ያሉ ኮሪያዊ ሽማግሌ ጎረቤቴ ጥቂት ካዩኝ በኋላ የራሳቸውን ሬክ ይዘው መጡና አንድ ቃል ሳይናገሩ ከጎኔ ጠረጉ። እንግሊዝኛችን የሁለታችንም ያው ነው፣ ቃሉም አያስፈልግም ነበር። እኔ ያንን ለቅሶ እንደ ደረሱኝ ነው የምቆጥረው።

ይህ የኔ ብቻ ስሜት አይደለም። የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ የሆኑት የፊላደልፊያው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ፣ እንጨት የሚፈልጡና ጓሮ የሚቆፍሩ የአእምሮ ሕመምተኞች ሥራ ፈተው ከተቀመጡት ይልቅ ቶሎ እንደሚሻላቸው በ1812 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ ጽፈዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ቁስለኛ ወታደሮች በሆስፒታሎች የአትክልት ሥራ እንደ ሕክምና ተሰጥቷል። ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

ለየስሜቱ የራሱ ሥራ

ጓሮ ውስጥ በዚህ ወር የሚሠራው ሥራ ዓይነቱ ብዙ ነው። እንደ ስሜታችሁ ምረጡ።

ስትናደዱ ንቀሉ። ያለቀለት ቲማቲም፣ የደረቀ የበቆሎ አገዳ፣ ሥር የሰደደ አረም አለ። ዶማውን አንሡ። በቤት ሰው ላይ ከምትጮሁ ሥሩን ጎትቱት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቲማቲማችሁ ቅጠሉ ጠቋቁሮ ወይም ነጠብጣብ ይዞ ከነበረ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት፣ ከቤት ቆሻሻ ጋር ይውጣ። በሽታው ከርሞ ይመለሳል።

ስታዝኑ ጥረጉ። ቅጠል መጥረግ ቀስ ያለ ሥራ ነው፤ ክንድ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ትንፋሽም አብሮት ይሰክናል። ሁሉንም ለማጽዳት አትሩጡ። ከዛፍና ከቁጥቋጦ ሥር ያለውን ተዉት፤ ቢራቢሮዎችና ሰመር ላይ ልጆች የሚያሳድዷቸው የሚያበሩ ትንኞች የሚከርሙት እዚያ ውስጥ ነው። ሣሩ ላይ ያለውን ብቻ ሰብስቡ፣ ወይም በማጨጃው መኪና ፈጭታችሁ መደባችሁ ላይ ጉዝጓዝ አድርጉት። ለአፈሩ ምግብ ይሆናል።

ስትጨነቁ ለዩና ደርድሩ። ሐሳብ ሲበታተን እጅ የሚቆጥረው ነገር ያስፈልገዋል። የቃሪያና የድንብላል ዘር አውጥታችሁ በወረቀት ፖስታ አድርጉ፣ ስሙን በአማርኛ ጻፉበት። አካፋውንና መቀሱን ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡ። የውኃውን ጎማ አፍስሳችሁ ጠቅልሉ፣ የውጭውን ቧንቧ ከውስጥ ዝጉ፤ ውኃው ቀዝቅዞ በረዶ ሲሆን ቧንቧ ያፈነዳልና።

ስትናፍቁ ልቀሙ። በርክ አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር መጨረሻ ወይም ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ይመጣል። በሶብላ አንድ ሌሊት ውርጭ ካገኘው ጠዋት ጠቁሮ ነው የምታገኙት። ከዚያ በፊት ቁረጡት፣ በትንሽ በትንሹ አስራችሁ ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ኮሰረትና ጤና አዳም በማሰሮ ከሆኑ ወደ ቤት አስገቧቸው፣ ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ስጧቸው። ጤና አዳም ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። አረንጓዴ ቃሪያውን ሁሉ ልቀሙት። ያልበሰለ ቲማቲም በወረቀት ከረጢት ከሙዝ ጋር ብታስቀምጡት ይበስላል። ቤቱ እናታችሁ ጓዳ፣ እናታችሁ ጓሮ ይሸታል። ያን ጊዜ ማልቀስ ቢመጣ ይምጣ።

ጎመኑን ግን አትንቀሉት። ጎመን ብርድ ሲመታው ከመሞት ይልቅ ውስጡ ያለውን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ውርጭ ያገኘው ጎመን ከሰመሩ ይጣፍጣል። እኔ ለምግብ ቤቴ የምመኘው የኖቬምበር ጎመን ነው።

ተስፋ ሲጠፋባችሁ ትከሉ። በጽዳት ሰሞን የሚተከል አለ ወይ ብትሉኝ አለ፤ ነጭ ሽንኩርት። ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ጊዜው ነው። ራሱን ፈልፍላችሁ ፍሬ ፍሬውን ለዩ፣ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ 2 ኢንች ያህል ቅበሩት፣ በመካከላቸው 6 ኢንች ተዉ፣ ከላይ ቅጠል አልብሱት። ጁን መጨረሻ ወይም ጁላይ ላይ ይነቀላል። ነጭ ሽንኩርት አንድ ጠባይ አለው፤ ብርድ ካላገኘ በደንብ አይከፈልም። ሞቅ ያለ ቦታ ብቻ የኖረ እንደሆነ አንድ ድቡልቡል ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ፍሬ ያለው ራስ የሚሆነው ክረምቱን ከመሬት በታች ካሳለፈ ነው። ከዚህ በላይ ምክር አልጨምርበትም።

ከልጆች ጋር

የኛ ልጆች ስሜታቸውን በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ እኛ በአማርኛ እንሰማለን፣ መካከል ላይ ብዙ ነገር ይወድቃል። ደግሞ ፊት ለፊት አስቀምጦ «ንገረኝ» ማለት ልጅን ያስጨንቃል። ጓሮ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ነው የምትሠሩት። ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ፣ እጅ ሥራ ይዞ፣ ልጅ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል። ዝም ብላችሁ ጥረጉና ጠብቁ።

እግረ መንገዳችሁን ቃላቱን አስተምሯቸው። ከፋኝ፣ ናፈቀኝ፣ ተናደድሁ፣ ፈራሁ፣ ደበረኝ፣ ሆዴ ባባ። እያንዳንዱን ቃል በማርከር በአንድ ትልቅ ቅጠል ላይ ይጻፉ። ዛሬ የተሰማቸውን ይምረጡና ወደ ኮምፖስቱ ክምር ይጣሉት። ከጀበናው የተረፈውን የቡና አተላም ጨምሩበት። ሰመር ላይ ያ ክምር ጥቁር አፈር ይሆናል። ያኔ «ንዴትህ የት ገባ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ልጆች፣ ይህቺ ክፍል ለእናንተ ናት። ዛፍ ቅጠሉን የሚጥለው ስለሞተ አይደለም፣ ክረምቱን ለመኖር ነው። ቀኑ ሲያጥር አረንጓዴው ቀለም ይበተንና ከሥሩ የነበረው ቢጫ ይታያል። ከዚያ ዛፉ በቅጠሉ እግር ላይ ትንሽ በር እንደመዝጋት ያለ ንጣፍ ይሠራል፣ ቅጠሉ ሲወድቅ ቁስሉ ቀድሞ ተደፍኗል። አሁን ወደ አንድ ቅርንጫፍ ጠጋ በሉ። ቅጠሉ ከወደቀበት ቦታ በላይ ትንሽ እብጠት ታያላችሁ። የሚመጣው ዓመት ቅጠል ነው! የድሮው ሳይወድቅ አዲሱ ቦታውን ይዞ ነበር። በግቢያችሁ ስንት እንዳለ ቁጠሩ።

ሌላም ጉድ አለ። ሴፕቴምበር ላይ በቨርጂኒያ ረግረጋማ ቦታና መንገድ ዳር ቢጫ አበባ ካያችሁ ቆም በሉ። ከነሱ መካከል የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ አለ፤ በሳይንስ ሁለቱም ባይደንስ የሚባል አንድ ወገን ናቸው። ፍሬው ሲደርቅ ልብስ ላይ ተጣብቆ ነው የሚጓዘው። እናንተም ቤተሰቦቻችሁም እንግዲህ ብቻችሁን አይደለም የመጣችሁት፤ የአደይ ዘመድ እዚህ ቀድሞ ይጠብቃችሁ ነበር።

ከመጀመራችሁ በፊት

አገር ቤት እንደለመድነው እሳት አትለኩሱ። እዚህ ግቢ ውስጥ ቅጠል ማቃጠል ጣጣ ያመጣል፣ ጭሱም አስም ላለበት ልጅ መጥፎ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ ያላችሁ፣ የግቢ ቆሻሻ በፕላስቲክ ከረጢት አይወሰድም፤ የወረቀት ከረጢት ግዙ ወይም የራሳችሁን ማጠራቀሚያ ተጠቀሙ። አሌክሳንድሪያ ከተማና በብዙ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰፈሮች ደግሞ ቅጠሉን መንገድ ዳር ከከመራችሁት በመምጠጫ መኪና ይወስዱላችኋል፤ ቀኑን አስቀድማችሁ እዩ። አድራሻችሁ «አሌክሳንድሪያ» ቢልም የምትኖሩት ከከተማው ውጭ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል አረጋግጡ።

መዥገር እዚህ በመጸውም አይጠፋም፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ እግሩን ካልሲ ውስጥ ክተቱት፣ ስትገቡ የልጆችን ብብትና ከጆሮ ኋላ ፈትሹ። ወገብ የሚያማችሁ ከረጢቱን ግማሽ ብቻ ሙሉ።

ጓሮ የለንም የምትሉ አፓርታማ ነዋሪዎችስ? በረንዳ ላይ አንድ ማሰሮ ይበቃል፤ በሶብላውን ቁረጡ፣ አፈሩን አገላብጡ፣ ነጭ ሽንኩርት ትከሉበት። ከቻላችሁ ደግሞ ጉልበት የከዳቸውን የሰፈራችሁን አዛውንት ደጅ ጥረጉላቸው፤ ምርቃቱ ብቻ ክረምቱን ያሻግራል። ለዓመቱ ደግሞ አስቡበት፤ ፌርፋክስ ካውንቲም ሞንትጎመሪ ካውንቲም በፓርኮቻቸው ውስጥ ለነዋሪው የሚያከራዩት መደብ አላቸው። ወረፋ ስላለው አሁን መመዝገብ ይሻላል።

መጥረጊያ የማይበቃበት ጊዜ

ጓሮ ብዙ ነገር ያቀላል፣ ሁሉን ግን አይፈውስም። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ከጠፋ ወይም ከአልጋ መነሣት ካቃተ፣ ምግብ ካልጣመ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላ፣ ያ የሐኪም ጉዳይ ነው። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የምንወስደው ሳናፍር ነው፤ የዚህም እንዲሁ ነው። ጸበሉንም፣ ዱዓውንም፣ ጸሎቱንም አትተዉ፣ ሐኪሙንም ጨምሩ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። መኖር ያስጠላው ሰው ካጋጠማችሁ ወይም ራሳችሁ ከሆናችሁ 988 ደውሉ። ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ነጻ ነው፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ። ያንን ሰው ብቻውን አትተዉት።

ለዘንድሮ አንድ ሐሳብ አለኝ። ኅዳር 12 በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ገደማ ነው፣ ከታንክስጊቪንግ በፊት። በዚያ ጊዜ በርክ ውስጥ አብዛኛው ቅጠል ወርዷል። ለዚያ ቀን የሚቀርበውን ቅዳሜ ያዙና ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ አንድ ግቢ አጽዱ፤ በተለይ ዘንድሮ ሐዘን የገባበትን ቤት። ሬክ ያለው ሬኩን ያምጣ፣ የሌለው ጓንት። እናቶች ቡና ያፍሉ፣ ልጆች ከረጢት ይያዙ። ከእሳቱ ፋንታ ስትጨርሱ ቤት ውስጥ ዕጣን አጭሱ፤ ኅዳር እንዲሁም ይታጠናል። ያ ባለሐዘን ሲጠርግ ዝም ካለ እናንተም ዝም ብላችሁ ከጎኑ ጥረጉ። ከመሄዳችሁ በፊት ጥግ ላይ አንድ ረድፍ ነጭ ሽንኩርት ትከሉለት። ጁላይ ላይ ሊነቅል ሲወጣ ማን እንደተከለለት ያስታውሳል።